ወደ ግራና ሁለት ጊዜ የላክሁት አንድ እኩልታ

የስምንተኛ ክፍል ሒሳብ ማስተማር ፀጉር ያሳጣል ይባላል። እኔ መርሳ ስመደብ የቀረኝም ብዙ አልነበረም።

በዚያ ሰሞን የያዝነው ትምህርት ኤክስንና ዋይን ከሁለት እኩልታዎች ማግኘት ነበር። የማታውቀው ነገር ሁለት ከሆነ፣ ሁለት የተለያየ ወሬ ያስፈልግሃል፤ ነገሩ ይኸው ነው። ተማሪዎቼ ግን ብልጥ ሰነፎች ናቸው። ሁለተኛውን እኩልታ ራሳችሁ ፍጠሩ ስላቸው የመጀመሪያውን በሁለት አባዝተው ያመጡልኛል። "ኤክስ ሲደመር ዋይ አሥር ነው" የነበረው "ሁለት ኤክስ ሲደመር ሁለት ዋይ ሃያ ነው" ሆኖ ቁጭ!

"ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም!" እያልኩ እጮሃለሁ። "ይኼ ያው የፊተኛው ነው፤ ምን አዲስ ነገር ነገራችሁኝ?"

እንዲህ የሚጮኸው ሰውዬ በዚያው ወር ሚስት ሊያገባ ተነሣ።

ልጅቱ እዚያው ትምህርት ቤት የሳይንስ መምህርት ናት፤ ወንበሯ ከወንበሬ አጠገብ ነው። ሻይ አብረን እንጠጣለን፣ ጠመኔዬን ትወስዳለች፣ አትመልስም። እንደምወዳት ከዓይኔ ታነብባለች ብዬ ለእሷ አንዲት ቃል ሳልተነፍስ ግራና ከተማ፣ አባቷ ዘንድ ሽማግሌ ላክሁ። ወግ ነው እያልኩ ነበር፤ እውነቱ ግን እሷን መጠየቅ ፈርቼ ነው።

አጎቴና የቤት አከራዬ በባጃጅ ሄዱ። ሽንኩርት አምራቹ አባቷ በክብር ተቀበሏቸውና "ኸይር ነው ኢንሻአላህ፤ ዘመድ እናማክርና ትመለሳላችሁ" አሏቸው። ይህ እሺም እምቢም አይደለም። እንቅልፍ አጣሁ። ሽማግሌዎቼ ቀልለውባቸው ይሆናል ብዬ ደግሞ ከውርጌሳ የእናቴን ወንድሞች፣ ጢማቸው የሚያስከብራቸውን፣ መርጬ ላክሁ። እነሱም ያንኑ ይዘው ተመለሱ።

"ሌላ ምንም አላሉም?" አልኩ።

"ሽንኩርት ሰጥተውናል" አሉኝ ታላቅየው። "አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ሽንኩርት ነው።"

በማግስቱ መምህራን ክፍል ውስጥ ልጅቱ የሻይ ብርጭቆዋን ጠረጴዛው ላይ ጠቅ አድርጋ አስቀመጠች።

"አንተ፣ ወላሂ አባቴ በአንተ ሽማግሌ ሽንኩርት ሊያልቅባቸው ነው። እሳቸውን ነው እንዴ የምታገባው?"

"ዘመድ እናማክር አሉ እኮ" አልኩ እየተንተባተብኩ።

"የሚያማክሩት ዘመድ እኔ ነኝ! ልጄን ሳልጠይቅ ምን ብዬ ልመልስ ይላሉ። እኔስ ምን ልበላቸው? እስከ ዛሬ ማን ጠየቀኝ?"

አፈርኩ። አንዱ የአባት፣ ሁለተኛው የልጅ፤ የማላውቀው ሁለት ልብ ነበር። እኔ ግን የአባትየውን ወሬ ጢም ጨምሬበት ሁለቴ አስመጣሁ። ተማሪዎቼን ስሰድብበት የከረምኩት ጉልቻ እጄ ላይ ተገኘ። እዚያው፣ የስፖርት መምህሩ ዳቦውን አፉ ውስጥ ይዞ ማኘክ እስኪያቆም፣ ታገቢኛለሽ ወይ ብዬ ጠየቅኋት።

"ዘመድ ላማክር" አለችኝና ሳቋን ውጣ፣ ጠመኔዬን አንሥታ ወጣች።

ምክሯ ሳምንት ሊሞላው ደረሰ። እኔ በዚያ ሁሉ ቀን ሰሌዳ ላይ የሠራሁት አንድም አልወጣልኝ። መርሳ ትንሽ ከተማ ናት፤ ወሬው ከእኔ ቀድሞ ክፍል ገብቷል። ስሳሳት ተማሪዎቹ በሐዘኔታ ያዩኛል፤ ማረሙንም ትተውታል። እምቢ ካለችኝ በዚያ ወንበር፣ ከጎኗ፣ እንዴት እቀመጣለሁ እያልኩ ወደ ወልዲያ ዝውውር ልጠይቅ አስቤ ነበር።

አንድ ጠዋት ኤክስን አግኝቼ ዋይ ላይ ተሰናክዬ ስቆም የክፍሉ በር ተንኳኳ። አንገቷን ብቻ አስገባች።

"አማክሬያለሁ" አለች። "ሽማግሌዎቹን መልሰህ ላክ። ለሽንኩርቱ ዘንቢል ይዘው ይሂዱ።"

በሩን ዘግታ ሄደች። እኔ ጠመኔዬን እንደያዝኩ ቀረሁ። ከመጨረሻው ዴስክ፣ ዓመቱን ሙሉ አንድ ጥያቄ በትክክል መልሶ የማያውቀው ልጅ እጁን አወጣ።

"ቲቸር፣ ዋይ ተገኘ!"