በሦስት እስክሪብቶ የጻፍኩት ደካማ ጎን

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለነፍስ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። ሌላውን ኃጢአቴን ስዘረዝር እዚህ ላይ ስደርስ እዘለዋለሁ፤ "አባ፣ ስለ አንድ ኮሜዲ ፊልም ነው" ተብሎ ንስሐ አይጀመርም ብዬ። ዛሬ ለእናንተ ልናገር።

ፊልሙ የስለላ ኮሜዲ ነበር፤ ደራሲው እኔ ነኝ። አንድ ጀማሪ ሰላይ፣ ምንም የማያውቁ ጡረተኛን አደገኛ ሰው ናቸው ብሎ ሲከታተል የሚውልበት ታሪክ ነው። ጡረተኛውን የተጫወቱት ጋሽ በላቸው ናቸው። ተዋናይ አይደሉም። ዕድሜያቸውን ሙሉ መዝገብ ቤት ውስጥ የሠሩ፣ አሁን የካ ሰፈር፣ ባሕር ዛፍ በከበበው አሮጌ ቤታቸው ውስጥ ከባለቤታቸው ጋር የሚኖሩ ሰው ናቸው። ግቢያቸውን ለቀረጻ ልንለምን ሄደን፣ ሲያወሩ ሰምተን እሳቸውንም ጨምረን ወሰድናቸው።

ሾላ ገበያ በቀረጽን ቀን፣ በእኔ ጽሑፍ መሠረት ጋሽ በላቸው ሰላዩን ሲያዩ ደንግጠው መሮጥ ነበረባቸው። አልሮጡም። ሽንኩርታቸውን አስመዝነው ዞር አሉና፣ ሰላዩን ከላይ እስከ ታች አይተው፣ "ልጄ፣ መከተልህ ካልቀረ ይቺን ያዝልኝ" ብለው ዘንቢሉን አስታቀፉት። ሰላዩም ግራ እንደገባው ተሸክሞ ተከተላቸው። ካሜራ የያዘው ልጅ እየሳቀ ስለነበር ምስሉ ይንቀጠቀጣል። እኔስ? እኔም ስቄያለሁ። ሳቁ ሲያልቅ ግን ሆዴ ውስጥ የቀረ ነገር ነበር። ቅናት ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ከምርቃቱ በፊት ፊልሙን ለአሥራ ሁለት ሰዎች አሳየን። እንደ መሥሪያ ቤት ግምገማ "ጠንካራ ጎን፣ ደካማ ጎን" የሚል ወረቀት አደልን፤ ስም አይጻፍበትም። ሰዉ ሁለት ወር በተጨነቅኩባቸው ቀልዶች ፈገግ እያለ አለፈ። በዘንቢሉ ጊዜ ግን እግሩን እየመታ ሳቀ።

ወረቀቱን የምሰበስበው እኔ ነበርኩ። ሁለት ሰዎች ቸኩለው ሳይሞሉ ወጡ። የራሴን ሞላሁ፤ ቀጥዬ የእነሱንም እኔው ሞላሁ። አንዱን በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ አንዱን በጥቁር፣ ሦስተኛውን በቀይ፣ ለዚያውም በግራ እጄ። "ሽማግሌው ፊልሙን ያበላሹታል።" "የገበያው ትዕይንት ይውጣ።" "ሰውየው ተዋናይ እንዳልሆኑ ያስታውቃል።" ጠንካራ ጎን በሚለው ሥር ምን የጻፍኩ ይመስላችኋል? "ድርሰቱ።" በሦስቱም ላይ።

ዳይሬክተሩ የመጀመሪያ ፊልሙ ስለሆነ የሰው አስተያየት ይፈራ ነበር። ወረቀቶቹን አሳይቶ ሐሳቤን ጠየቀኝ። ማዘኔን እንዲያይልኝ በረጅሙ ተነፈስኩና "ተመልካች ያለውን መስማት ነው እንግዲህ" አልኩት። ትዕይንቱ ተቆርጦ ወጣ። የጋሽ በላቸው ፊት የሚታየው፣ ድምፃቸውም የሚሰማው እዚያ ብቻ ነበር፤ በሌላው ቦታ ሰላዩ ከሩቅ ነው የሚከታተላቸው።

የፊልሙን እውነተኛ ግምገማ አሁን ልስጣችሁ። እንጦጦ ላይ የቀረጽነው ማሳደድ ደህና ነበር። ደካማው ጽሑፌ ነው፤ ቀልድ ከተናገርኩ በኋላ መልሼ አብራራዋለሁ፣ ሰላዬም ከመጀመሪያው ቂል ስለሆነ ሲሳሳት ማንንም አይገርምም። ጋሽ በላቸው ግን ለማሳቅ አልሞከሩም። ዕቃ የከበዳቸው ሽማግሌ ወጣት አገኙና አሸከሙ፣ በቃ። ፊልሙ ውስጥ ሕይወት የነበረው እዚያ ቦታ ብቻ ነው። ይህን የተረዳሁት ቆይቼ ነው ብል እዋሻለሁ፤ በግራ እጄ ስጽፍም አውቀው ነበር።

ለምርቃቱ ሱፋቸውን ለብሰው፣ ባለቤታቸውን እትዬ አስካለንና የዕድር ጓደኞቻቸውን ይዘው መጡ። መቆረጡን ማንም አልነገራቸውም። እኔ ከኋላቸው ተቀምጫለሁ።

"ገና ነው?" አሉ እትዬ አስካለ።

"አሁን ይመጣል፣ ዝም ብለሽ እዪ።"

ትንሽ ቆይተው እንደገና ጠየቋቸው። በሦስተኛው ጋሽ በላቸው ወደ ዕድር ጓደኞቻቸው ዞር ብለው አዩ። ፊልሙ እስኪያልቅ እሳቸው የታዩት ከሩቅ፣ ከጀርባቸው ብቻ ነበር፤ መጨረሻ ላይም የግቢያቸውን በር ሲዘጉ።

ውጭ እጄን ያዙኝና "ደራሲው አንተ ነህ። ሳትደብቅ ንገረኝ፣ ምን አጥፍቼ ነው?" አሉኝ። ያኔ እንኳ መመለስ እችል ነበር። ምን አለ እውነቱን ብናገር? "ትንሽ አበዙት፣ ጋሼ" አልኳቸው። አንገታቸውን ነቀነቁ። "ልክ ነህ፣ እኔ ወሬ አበዛለሁ" አሉ።

ከዚያ ወዲህ ዕድር ላይ እንኳ አይቀልዱም ይላሉ የሚያውቋቸው። ሰፈሩን ሲያስቁ የኖሩት ሰው፣ ዛሬ ጥግ ይዘው ያዳምጣሉ። ዝም ያሰኘኋቸው እኔ ነኝ።

ባለፈው ወር ወደ የካ አባዶ ልሄድ የታክሲ ሰልፍ ይዤ ሳለ አገኘኋቸው፤ ከአንድ ጎረቤታቸው ጋር ነበሩ። ልጅነት ነው፣ ሞኝነት ነው እያልኩ ራሴን ያባበልኩባቸው ዓመታት ሁሉ እዚያ ሰልፍ ላይ አበቁ። ማመካኛ የለኝም፤ ባለፈው ወር ልጅ አልነበርኩም። ትከሻዬን ይዘው ለጎረቤታቸው አስተዋወቁኝ።

"ሌላው ሁሉ ሸነገለኝ" አሉ። "እውነቱን ፊት ለፊት የነገረኝ ይሄ ልጅ ብቻ ነው። እግዜር ይባርከው።"

እኔም "አሜን" ብዬ ታክሲው ውስጥ ገባሁ።