ፈረሶቼን የበላው ሕግ

እሑድ ከሰዓት ነው፤ አሰላ፣ ነሐሴ ላይ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጠዋል። እኔና ደምሴ ጠረጴዛ መሃላችን አድርገን ልንደባደብ ደርሰናል... በምን? በእንጨት ፈረስ።

ሳቁ፣ አልከለክላችሁም። ብዙ ዓመት አልፎታል፣ እኔ ግን እስከ ዛሬ አልሳቅኩበትም።

ጊዜው የደርግ ነው። እኔ አስተማሪ ነኝ፣ የአሰላ ልጅ። ደምሴ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የእርሻ ባለሙያ ነው፤ እትዬ አስካለ ግቢ ተከራይቶ ይኖራል። ክረምት ላይ ከስብሰባ ሌላ መሄጃ ስላልነበረን ደምሴ የጦር ጨዋታ ፈጠረ። አሮጌ በር በሁለት ሣጥን ላይ አጋደመና በአፈርና በድንጋይ ተራራና ወንዝ ሠራበት። እግረኛ ወታደር ማለት የጠርሙስ ቆርኪ ነው፤ አንድ ስንዝር ይሄዳል። ፈረሰኛ ሁለት ስንዝር። ሲጋጠሙ ዳይስ ይጣላል። ስሙን «ዘመቻ» አልነው... ያኔ ዘመቻ ያልተባለ ነገር አልነበረማ።

እኔ ለፈረሰኞቼ ስል ክረምቱን ሙሉ ወይራ ስጠርብ ከረምኩ። ጭራቸው የእውነት የፈረስ ጭራ ነው፤ ጋሪ ነጂ ለምኜ ያገኘሁት። ጣቴን ስንቴ እንደቆረጥኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ደምሴ አንድ ፈረስ እንኳ አልቀረጸም። ቆርኪ ለቀመ፣ ሕግ አወጣ።

መጀመሪያ ያሸነፍኩት ዕለት «ፈረስ ሁለት ስንዝር መሄዱ በዝቷል» አለና አንድ ተኩል አደረገው። ደግሜ አሸነፍኩት። «ውጪ ዝናብ ካለ ፈረስ ወንዝ አይሻገርም» አለ። ነሐሴ ላይ አሰላ ውስጥ ዝናብ የሌለው መቼ ነው?

ለምን ስለው መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው... «ሳይንሳዊ ነው።»

የዚያን እሑድ ደግሞ ሁለት አዲስ ሕግ ይዞ ጠበቀኝ። አንደኛው ቀለብ ነው። በየወታደሩ አጠገብ እኩል ገብስ ይደረደራል፤ በየተራው ቆርኪ አንድ ፍሬ ይበላል፣ ፈረስ አራት፤ ገብሱ ያለቀበት ወታደር ሞተ። ሁለተኛው፣ የተሸነፈ ሰው ሠራዊቱን ለአሸናፊው ያስረክባል። ለዘለቄታው።

ለምን ተስማማህ ትሉኝ ይሆናል። እልህ ነዋ። ያለ ሕጉም በሕጉም እንደማሸንፈው ላሳየው ፈልጌ ነበር።

ትራክተር የሚጠግነው ጓደኛችን ከድር አጠገባችን ቁጭ ብሎ ያያል። የገብሱን ነገር ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ። «ኩን ህንተኡ... ይሄ አይሆንም አቦ። ፈረስ ሣር ይግጣል እንጂ ቀለብ እስኪሰፈርለት ይጠብቃል እንዴ?»

«ሜዳው ላይ ሣር የለም» አለ ደምሴ።

ፈረሶቼ ገብሳቸውን ጨርሰው ሊያልቁ ሲሉ በሩ ገርበብ አለና የእትዬ አስካለ ቀይ ዶሮ በስብሳ ገባች። አንድ ጊዜ ተወርውራ ጠረጴዛው ላይ ወጣች። እኛ አፋችንን ከፍተን እያየን የደምሴን ገብስ ከዳር እስከ ዳር ለቀመችው። የእኔን ዞር ብላም አላየችው፤ ምን ቀርቶ!

ደስታዬን ምን ብዬ ልደብቅ። «ቀለብህ አለቀ፣ ሠራዊትህ ሞተ። ቆርኪህን አምጣ» አልኩት።

እትዬ አስካለ ዶሮዋን ፍለጋ ብቅ አሉ። ከድር ነገሩን ሲያስረዳቸው ጠረጴዛውን ትክ ብለው አዩት። «ዘብ አላቆማችሁም እንዴ?» አሉ። «ቀለቡን ያልጠበቀ ጦርማ ተፈታ ማለት ነው።» ዶሮዋን ብብታቸው ውስጥ ሸጉጠው ወጡ።

ፍርድ አገኘሁ ብዬ እጄን ወደ ቆርኪው ስዘረጋ ደምሴ ያዘኝ።

«ዶሮ አትቆጠርም።»

«መቼ የወጣ ሕግ ነው?»

«አሁን።»

«ዝናቡ ሲቆጠር እሷ የማትቆጠረው ለምንድን ነው?»

«ዝናብ ተፈጥሮ ነው።»

«ዶሮዋን ታዲያ ፋብሪካ ነው የሠራት?» አለ ከድር።

ደምሴ ጥግ ወዳለው የገብስ ጆንያ ሄደ። ከጆንያው ገብስ ዘግኖ እንደገና መደርደር ጀመረ... ለራሱ ብቻ። ለእኔስ ስለው «ያንተ የተበላው በሕጉ መሠረት ነው» አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ፈረሶቼ አለቁ። አንድ በአንድ እያነሳ ቅርጫት ውስጥ ከተታቸው። ከድር ክንዴን ባይዘኝ ኖሮ ጠረጴዛውን ገልብጬ እወጣ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ሰላምታም አልነበረንም።

መስቀል አልፎ፣ ገብሱ መታጨድ ሲጀምር፣ ደምሴ በሬን አንኳኳ። ዓይኑ ቀልቷል። ገጠር ሁለት ዓመት ያገለገለ ለትምህርት ውጭ አገር ይላካል ተብሎ ቃል ተገብቶለት ነበር። እሱም ሁለቱን ዓመት ጨርሶ፣ ሻንጣ ገዝቶ ይጠብቃል።

«ሁለቱ ዓመት ወደ አራት ተቀይሯል አሉኝ» አለ። «እኔ ከጨረስኩ በኋላ እኮ ነው! እንዴት በመሃል ሕግ ይቀየራል? አንተ ፍረደኝ እስኪ።»

አልዋሽም፣ አንጀቴ ሊባባ ነበር... ግን ፈረሶቼ መጡብኝ።

«ሳይንሳዊ ነዋ» አልኩት።

አንገቱን ደፋ። እንደገባው አውቄያለሁ።

«ፈረሶቼን መልስልኝና አብረን እናዝናለን» አልኩት።

«እሱ ሌላ ነው» አለ። «እሱ እኮ ጨዋታ ነው።»

ሄደ። ፈረሶቼንም አልመለሰም።

ሕግ አውጪውም ተጫዋቹም አንድ ሰው የሆነበት ቤት ከገባችሁ፣ ቆርኪ ልቀሙ እንጂ ፈረስ አትቅረጹ።