እትዬ አስካለ የነኩት ፋይል

ይህ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ የማስተርስ መመረቂያ ጽሑፌን ያቀረብኩ ዕለት ነው። ሌላው ተመራቂ ያን ቀን የሚያስታውሰው በፈታኞቹ ጥያቄ ነው። እኔ የማስታውሰው በአንዲት የምስጋና ገጽ ነው። አሁንም ኮምፒውተር ላይ አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ሁለት ፋይሎች ሳይ ሁለቱንም ከፍቼ ገጽ በገጽ ሳላነብ አላልፍም።

በምማርበት ዩኒቨርሲቲ ረዳት መምህር ነኝ። ጥናቴ ጦር ኃይሎች በሚባለው ሰፈር ታክሲ የሚጠብቅ ሰው ምን ያህል እንደሚቆም የሚመለከት ነበር። መልሱን ማንም የኮልፌ ሰው በነፃ ይነግረኛል፤ ዩኒቨርሲቲው ግን መረጃ ይፈልጋል። መረጃውን የሰበሰበችልኝ ባለቤቴ መሠረት ናት። ጠዋት ጠዋት እኔ ክፍል ስገባ እሷ ጃንጥላ ይዛ ሰልፉ ዳር ትቆምና ሰው ትቆጥርልኛለች። ሰልፈኛው ተቆጣጣሪ እየመሰለችው አቤቱታውን ሁሉ ያሰማት ነበር። አንድ ሰሞን ብርድ መቷት ተኛች። ተሽሏት ስትነሳ ተመልሳ ቆመች። በምላሹ የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስሟ መጽሐፉ ላይ እንዲታተም። እናቷም ይህንኑ አስኮ ላለው ጎረቤታቸው ሁሉ ተናግረዋል።

ምስጋናውን ጻፍኩላት። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ቢሆንም፣ እናቷም እንዲያነቡት ብዬ ይችን ገጽ በአማርኛ አደረግኳት።

እዚህ ላይ ስለ ትምህርት ክፍላችን ሰርቨር ጥቂት መናገር አለብኝ። ሁላችንም ፋይላችንን የምናስቀምጠው እዚያ ነው። ሁለት ፎልደር አለው፤ አንዱ «የአሁን» ይባላል፣ ሌላው «ማኅደር»። ዓመት ሙሉ ማንም ያልነካው ፋይል በራሱ ጊዜ ወደ ማኅደር ይሄዳል። እዚያ ከገባ በኋላ ማንበብ እንጂ አንዲት ፊደል መለወጥ አይቻልም። ጥሩ ሥርዓት ነው። እትዬ አስካለ ግን አላመኑበትም።

እትዬ አስካለ የትምህርት ክፍሉ ጸሐፊ ናቸው። ጡረታቸው ደርሷል። የሁላችንንም ፎልደር መክፈት ይችላሉ። ድሮ የሟች ባለቤታቸው ፋይል አንድ መሥሪያ ቤት ማኅደር ገብቶ የውሃ ሽታ ሆኖ ቀርቶባቸዋል። ስለዚህ የሰው ፋይል ማኅደር ሊገባ ሲል አያስችላቸውም። ዓመት ሊሞላው የተቃረበውን እየፈለጉ ይከፍቱታል፣ ስፔስ አንዴ ይነካሉ፣ ሴቭ ያደርጋሉ። ፋይሉ እንደ አዲስ ይቆጠርና ሌላ ዓመት ይሰነብታል። ይህን ሁሉ የሚያደርጉት ለማንም ሳይናገሩ ነው።

እኔ ደግሞ ሽፋኑንና ምስጋናውን የያዙ ሁለት ፋይሎች ነበሩኝ። ሁለቱም «የፊት ገጽ የመጨረሻ» ይባላሉ፤ አንዱ በድሮው፣ ሌላው በአዲሱ ዎርድ ስለተጻፈ ሰርቨሩ አንድ ስም አልከለከላቸውም። አንዱ ለመሠረት የጻፍኩት ነው። ሌላውን የጻፍኩት ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ መሠረትን ሳላውቃት፣ ያኔ እጮኛዬ ለነበረችው ለራሔል ነው፤ እሱም በአማርኛ ነው። ጥናቱን ሳልጀምር ምስጋናውን የጨረስኩ ሰው ነኝ። ራሔልም ጥናቱን ሳትጠብቅ ሌላ ሰው አገባች። ፋይሏ ማኅደር ገብቷል ብዬ ረስቼው ነበር።

የማሳተሚያው ቀን ሲደርስ ፎልደሩን ከፈትኩና ቀኑ አዲስ የሆነውን፣ ከላይ ያለውን መረጥኩ። ሽፋኑን አየሁ። ርዕሱ ልክ ነው፣ ስሜም ልክ ነው። ሁለተኛውን ገጽ አላየሁም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። 18 ማዞሪያ ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት አትሞ በጥቁር ሽፋን ጠረዘልኝ።

በዕለቱ መሠረትና እናቷ የሐበሻ ልብስ ለብሰው ከፊት ተቀመጡ። እትዬ አስካለም ለታዳሚው ውሃ አድለው አጠገባቸው አረፉ። ጥያቄውን እንደ ምንም ተወጣሁት። ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጡት ፈታኝ፣ ፀጉራቸው የሸበተ ረጋ ያሉ ሰው፣ ሲጨርሱ መጽሐፉን ወደ መጀመሪያው ገለጡት። ምስጋናውን በአማርኛ መጻፌን እንደወደዱት ተናገሩ። ቤተሰቡም እዚህ ስላለ ላንብበው አሉ። መሠረት ነጠላዋን አስተካከለች።

«በዚህ ሥራ ሁሉ ከጎኔ ላልተለየችው፣ ነገ ባለቤቴ ለምትሆነው ለራሔል» ብለው አነበቡ። ድምፃቸው ጥሩ ነው፤ እስከ ኋላ ወንበር ይሰማል።

ያጨበጨበው አማካሪዬ ብቻ ነው፤ እሱም ስሙን ልብ አላለውም። የመሠረት እናት ወደ ልጃቸው ዞረው አዩአት። መሠረት መሬት መሬት ታያለች። ማለፌ ሲነገር እዚያው ቆሜ ነበር፤ ውጤቴን ግን በማግስቱ ሰው ጠይቄ ነው ያወቅኩት።

እናቷ ሳይሰናበቱኝ ወደ አስኮ ሄዱ። እኔና መሠረት ጦር ኃይሎች ደርሰን ሰልፍ ያዝን። ያው የጥናቱ ሰልፍ ነው። ዝናብ ጀመረ። ጃንጥላዋን ለራሷ ብቻ ዘረጋች። ሰልፉ ትንሽ ፈቀቅ ሲል ወደ እኔ ዞረች።

«ራሔል እዚህ ሰልፍ ላይ ቆማ ታውቃለች?»

«አታውቅም» አልኳት።

«እንግዲያው ሰርዛት» አለችኝ።

ያን ያህል ያዘንኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። በማግስቱ ሰርቨሩ ላይ የፋይሉን ቀን ሳጣራ በመጨረሻ የነኩት እትዬ አስካለ ሆነው ተገኙ። ልቆጣ ሄጄ ነበር። «ልጄ፣ እንዳይጠፋብህ ብዬ እኮ ነው» ሲሉኝ ወንበር ስቤ የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ቅዳሜ ዳቦ ደፍተው ቤታችን ድረስ መጡና ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ለባለቤቴ አስረዷት። መሠረት አንገቷን ደፍታ ስታዳምጥ ቆየች። በመጨረሻ ቀና ብላ፣ «ታዲያ እትዬ፣ ራሔልን ይህን ሁሉ ዓመት ያኖሯት እርስዎ ነዎት?» አለቻቸውና ሳቀች። ከዚያ ዕለት ወዲህ የመጀመሪያ ሳቋ ነበር። ደስ ስላለኝ ዳቦውን እኔ ቆረስኩ።

የራሔልን ፋይል አጠፋሁ። የጸደቀ መመረቂያ ጽሑፍ ዓመት ሳይጠብቅ ማኅደር ይገባል፤ የታረመው መጽሐፌ ፋይል ሲገባ መሠረት ራሷ ካላየሁ አለችና አብራኝ መጣች። ምስጋናውን ቆማ አነበበችው። እትዬ አስካለ ልማድ ሆኖባቸው ስፔስ ነኩ፤ ኮምፒውተሩ ግን እንቢ አለ።

«አይነካም ለካ» አሉ እትዬ አስካለ፣ ቅር እንዳላቸው።

አሁን ሳስበው የአዳራሹ ነገር ያሳፍረኛል፤ ያቺ ገጽ እዚያ መቀመጧ ግን ልቤን ያሳርፈዋል። መሠረት አንዳንዴ ስትናደድብኝ ስሟን ማንም ሊሰርዘው እንደማይችል ታስታውሰኛለች። ዝናብ ሲይዘንም ከጃንጥላው ግማሹን ትሰጠኛለች።