የመቃብሩ እሬት

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ለእርስዎ ለአንባቢዬ የምናገረውም ደፍሬ አይደለም፤ እንደያዝሁት እንዳልሞት ፈርቼ ነው።

ዕድሜዬን የፈጀሁት የቆላ መድኃኒት ዕፀዋትን የዘረመል ብዝኀነት በማጥናት ነው። በቀላሉ ልግለጠው፦ እሬት ሁሉ ለዓይን ቢመሳሰልም በውስጡ የሚሸከመው ዘር ከሥፍራ ሥፍራ ይለያል፤ አንዱን የሚገድል በሽታ ሌላውን ላይነካ ይችላል። የአበርገሌን ተዳፋትና የሰሃላን ገደል የዱር እሬት እንዳነጻጽር የተላክሁትም ስለዚሁ ነበር።

የአበርገሌውን በሥርዓት ሠራሁ። ሰሃላ ግን ከገደሉ አፋፍ ስደርስ እግሬ ወደ ኋላ አለ። መንገድ መሪዬ ኃይሉ፣ የአገሩ ገበሬ፣ አየኝና ሳቀ።

«ፍየል ይወርደዋል እኮ ዶክተር! ወይስ ፍየል ስላልተማረ ነው?»

እኔም ሳቅሁ። አልወረድሁም። ፈርቼ ነው? ደክሞኝስ ቢሆን? ትዝታዬን አላምነውም፤ ትዝታ እያረጀ ሲሄድ ለባለቤቱ ያደላል። የማልጠራጠረው ግን ይህን ነው፦ ስንመለስ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ገባሁ። በዚያ አገር እሬት ያለ ውኃ ስለሚለመልም በመቃብር ላይ ይተክሉታል። እኔ ከየመቃብሩ ቅጠል ቆረጥሁ። እኔ በየከረጢቱ ላይ «ከገደሉ» ብዬ ጻፍሁ።

አንዲት እናት አዩኝና ጮኹ። «ኧረ የባሌን ተውልኝ! ከአማቴ መቃብር ገንጥዬ የተከልሁት ነው፤ አማቴም ከእናታቸው መቃብር!»

ያን ጊዜ ገባኝ። እየተገነጠለ የተተከለ እሬት ሁሉ አንዲት እናት ተክል ናት፤ ሺህ ቅጠል ቢለቀም ያው አንድ ዘር ነው። ገብቶኝ ሳለ እጄ ለምን አልቆመም?

ቤተ ሙከራው አልዋሸም፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ። የሰሃላው ቅጠል ሁሉ አንድ ሆኖ ተገኘ። «ብዝኀነት የለውም፤ ጥበቃው ለአበርገሌ ይሁን» ብዬ ጻፍሁ። የአበርገሌው ታጠረ። ገደሉን የሚጠብቀው ጠፋ።

ዘንድሮ የአበርገሌው እሬት ከሥሩ እየበሰበሰ ነው። የቀድሞ ተማሪዬ ሰላማዊት፣ ተክሉን ለማዳን የምትደክመው፣ ከዚያው ደወለችልኝ።

«ጋሼ፣ እያለቀብን ነው። ከሰሃላው ብናመጣስ? ያኔ ሲወርዱ ገደሉ ውስጥ ምን አዩ?»

ምን አየሁ? መስመሩ የተቆረጠ እንዲመስላት ስልኩን ዘጋሁ።

ነገ እኔ ወደምኖርበት ወደ ሰቆጣ ትመጣለች። ከደጄ ባጃጅ በቆመ ቁጥር ተነሥቼ በመስኮት አያለሁ። ወርዳ ልዩ ልዩ እሬት ብታገኝ ውሸቴ ይገለጣል፤ ይህን እፈራለሁ። ሰው ለማሽላ መንጥሮት ባዶ ገደል ብታገኝስ? ይህንንማ እንዴት ብዬ ልፍራው? ለዚያ የሚበቃ ፍርሃት የለኝም።

ወጣት ነበርሁ አልልም፤ አልነበርሁም። አላወቅሁም አልልም፤ አውቄአለሁ። ይህን ወረቀት በሬን አልፋ ስትገባ በእጇ አኖርላታለሁ፤ እግሬ ካልከዳኝ፣ እንደ ያኔው።

ሰላማዊት፣ በያኔው ጽሑፌ አትተማመኚ። ፈጥነሽ ውረጂ። ምን እንዳየሁ ጠይቀሽኝ ነበር፤ ምንም አላየሁም። አፋፉ ላይ ቆሜ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር።