የዳልጮ ምስክሮች

ጋሼ ዳልጮ በሠላሳ ዓመት የነጂነት ዘመኑ አንድም ሰው ገጭቶ አያውቅም። ይህን ስናገር «ትራክተር ደግሞ ምን ይገጫል?» ብሎ ፈገግ የሚል አይጠፋም። እኔ ያኔ ደሜ ይፈላል። ትራክተር ከነተሳቢው፣ ከነሙዙ፣ ሙዙ ላይ ከተፈናጠጠው ሕዝብ ጋር ስንት ኩንታል እንደሚሆን የማያውቅ ሰው ነው እንዲህ የሚለው። ሙያውን ያስተማረኝ እሱ ስለሆነ በእሱ ላይ ቀልድ አልወድም።

ጋሼ ዳልጮ የኦቾሎ ሸማኔ ልጅ ነው። ጎረምሳ ሳለ ከደጋው ወርዶ እርሻ ላይ ተቀጠረ፣ ትራክተር መንዳትም እዚያው ለመደ። የኩልፎ ዳር ሙዝ አምራቾች ማኅበራችን ትራክተር ሲሰጠው ነጂው እሱ ሆነ። በ1975 ዓ.ም. ማኅበሩ ከወጣቶች መካከል ስድስት ተተኪ ነጂዎች እንዲያሠለጥን አዘዘው። ሁላችንም ገና አሥራ ሰባትና አሥራ ስምንት ዓመታችን ነበር። ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። እናቴ ጌጤ «ፀዳለ፣ ወንዶቹን በምላስሽ አሸንፈሽ ጨርሰሽ አሁን በጎማ ልትሞክሪያቸው ነው?» አለችኝ። እውነቷን ነበር።

የመጀመሪያው ቀን መሪ እንይዛለን ብለን ስንጠብቅ፣ ጋሼ ዳልጮ «እንዴት አድርጌ ልንዳ?» ብሎ ጠየቀን። ከመካከላችን ቀልቃላው ማርቆስ «በረር አድርገው!» አለ። ጋሼ ዳልጮ ማርቆስን ተሳቢው ላይ፣ ከሙዙ ጫፍ አስቀመጠውና እንደተባለው በረር አደረገው። ከኩልፎ ድልድይ ሲመለሱ ማርቆስ መቀመጫውን በሁለት እጁ ይዞ ነው የወረደው። «መሪው ከፊት ነው» አለን ጋሼ ዳልጮ፣ «መንዳት ግን ከኋላ ነው የሚታወቀው።»

ስድስታችንንም በየተራ እንዲህ አስቀመጠን። ከዚያ በኋላ ነው መሪ ያስያዘን። ሙዙን ከኩልፎ ዳር ጭነን፣ ታችኛውን ሰፈር ሲቀላን አቋርጠን፣ ዳገቱን ወጥተን ላይኛው ሰፈር ሴቻ ካለው መጋዘን እናራግፋለን። እሱ ጭቃ መከላከያው ላይ ተቀምጦ ዝም ብሎ ያየናል። አይቆጣም። ማግስቱን ጠዋት ግን መጋዘኑ በር ላይ ያሰልፈንና እያንዳንዳችን ያመጣነውን ሙዝ እያገላበጠ ያሳየናል። የተንገጫገጨ ሙዝ የዚያን ዕለት ምንም አይመስልም፣ አድሮ ነው የሚጠቁረው። ሙዙ የጠቆረበት ሰው በዚያ ቀን መሪ አይነካም፤ ትራክተሩን በእግሩ እየተከተለ ይውላል። ማርቆስ በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ጫማ ጨረሰ።

የእኔ ሙዝ አይጠቁርም ነበር። እንዲህ ስል ኩራቴ ዛሬም አልወጣልኝም። በመስከረም አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላኝ ለመንጃ ፈቃድ ፈተና ልቀርብ ነው፤ ለዚያ የሚያስፈልገኝ ጋሼ ዳልጮ «ብቁ ናት» ብሎ የሚፈርምበት ወረቀት ብቻ ነው። በአውራጃው ትራክተር የምትነዳ ሴት አላየሁም፣ የመጀመሪያዋ እኔ እሆናለሁ ብዬ ቆርጬ ነበር።

ካራገፍን በኋላ ጋሼ ዳልጮ ቤቱ ሴቻ ስለሆነ እዚያው ይቀራል። ባዶውን ትራክተር ሲቀላ ወዳለው ማደሪያ የማወርደው እኔ ብቻዬን ነኝ። ለሌሎቹ አይሰጣቸውም። በዚያን ጊዜ ናፍጣ በኩፖን ነበር፤ የማኅበሩ ሊቀመንበር ጓድ ካሳም በየስብሰባው ስለ ቁጠባ ይናገራል። ታዲያ እኔ ብልጧ ምን አደረግኩ? ቁልቁለቱ አናት ላይ ስደርስ ማርሹን አወጣና በባዶ እለቀዋለሁ። ሞተሩ ዝም ሲል፣ ነፋሱ ሻሼን ሲያነሳው፣ አባያ ሐይቅ ከታች ወደ እኔ የሚመጣ ሲመስለኝ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ናፍጣውም ተረፈ። ጓድ ካሳ በስብሰባ ላይ አስጨበጨበልኝ።

ጋሼ ዳልጮ አላጨበጨበም። «ትራክተር ሣር አይበላም» ብሎ አጉረመረመ፣ «ታዲያ ናፍጣው ከየት ተረፈ?» አንድ ሐሙስ ካራገፍን በኋላ፣ እኔ ሳላየው ብስል ሙዝ በጆንያ ጠቅልሎ ባዶው ተሳቢ ጥግ ላይ አስቀመጠ። ሴቻ ሙዝ የምትቸረችረው እትዬ ሻሺቱ የስምንት ወር እርጉዝ ነበረች። እግሯ አብጦ ስለነበር «እስከ ቤቴ ሲቀላ አውርጂኝ» አለችኝ፤ ወጥታ ከጆንያው አጠገብ ተቀመጠች። እኔም እንደ ልማዴ ቁልቁለቱን ለቀቅኩት።

በማግስቱ ጋሼ ዳልጮ በማለዳ ሲቀላ ወርዶ፣ ማን አብሮኝ እንደወረደ ሰምቶ፣ ጆንያውን ይዞ ወደ መጋዘኑ ተመለሰና ስድስታችንንም ሰብስቦ ፈታው። ሙዙ ከሰል መስሏል፣ ግማሹም ተሰንጥቋል።

«የማን ነው?» አለ።

«የእኔ አይደለም!» አልኩ ቀድሜ። «እኔ ትናንት ያመጣሁት አንድም አልጠቆረም!»

«ሲመጣ አይደለም፤ ስትመለስ ነው» አለ። ጋሼ ዳልጮ ሲከፋው አማርኛው ይደነቃቀፍበታል፣ አንቺንም አንተ ይላል። «ፀዳለ፣ ከዚህ ሙዝ አጠገብ ማን ነበር የተቀመጠው? ንገራቸው።»

ምላሴ ከድታኝ የምታውቀው ያን ቀን ብቻ ነው።

«እትዬ ሻሺቱ» አልኩ።

ማንም አልሳቀም፣ ማርቆስ እንኳ። ጋሼ ዳልጮ ሙዙን መልሶ ሸፈነውና «ባዶ ተሳቢ አስተማሪ አይፈልግም ብዬ ብቻሽን የለቀቅኩሽ እኔ ነኝ» አለ። «ጥፋቱ የሁለታችን ነው። አንቺ ግን ሂጂና ሴትዮዋን እያት።»

ሮጥኩ። እትዬ ሻሺቱ ጎኗን ደግፋ ተኝታ ነበር። ሆዷ ሲቆርጣት አድሮ፣ ጽንሱ ንጋት ላይ ሲንቀሳቀስ ነው ነፍሷ የተመለሰው። አልሰደበችኝም። «ቁልቁለቱ ላይ በስምሽ ስጠራሽ አልሰማሽም?» ብቻ አለችኝ። አልሰማሁም ነበር። ነፋሱን ነበር የምሰማው። እግሯ ሥር ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

የፈተናው ቀን ሲቃረብ ጓድ ካሳ ወረቀቱን ይዞ መጣ። «ዳልጮ፣ ፈርም እንጂ! ናፍጣ የቆጠበች ወጣት ነች።»

«አልፈርምም፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«የማኅበሩን ውሳኔ እምቢ ማለትህ ነው? እንግዲያው ሌላ ነጂ እንፈልጋለን!»

«ፈልግ» አለ ጋሼ ዳልጮ፣ ቁልፉንም ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። አምስት ልጆች የሚያሳድግ ሰው ነው ይህን ያደረገው። ያኔ እኔ ወደ ጠረጴዛው ቀረብኩ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ናፍጣውን የቆጠብኩት ማርሽ እያወጣሁ ነው» አልኩ። «እትዬ ሻሺቱን ልገድላት ነበር። ፈተና አልሄድም።» ጓድ ካሳ ሁለታችንንም ተራ በተራ አየን። ከዚያ ቁልፉን በጣቱ ገፋ አድርጎ ወደ ጋሼ ዳልጮ መለሰለት።

ከዚያ በኋላ አራት ወር መሪ አልነካሁም። ሌሎቹ ሲነዱ እኔ የባዶው ተሳቢ ጥግ ላይ፣ እትዬ ሻሺቱ በተቀመጠችበት ቦታ እየተቀመጥኩ ተመላለስኩ። እያንዳንዷን ጉድጓድ በጎድኔ ተማርኳት። በአምስተኛው ወር እንደገና መሪ ያዝኩ፤ ጋሼ ዳልጮም ሲመለስ አብሮኝ መውረድ ጀመረ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» በሚለው ተረት ራሴን መከርኩ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጋሼ ዳልጮ ወረቀቱን ከደረት ኪሱ አወጣ። ፈርሞበታል። ልቀበለው እጄን ስዘረጋ መልሶ ኪሱ ከተተው። «ገና ነው። የእኔ ብቻ አይበቃም» አለና ወደ ገበያው ሄደ። ሲመለስ እትዬ ሻሺቱ አብራው ነበረች፣ ሴት ልጇን በጀርባዋ አዝላ።

እትዬ ሻሺቱ ተሳቢውን አየች፣ እኔን አየች። «ጋሼ፣ አንተ ብትነዳ ይሻላል» አለች።

«እኔ ከኋላ ካንቺ ጋር ነኝ» አላት። ራሱ ደግፎ አወጣትና አጠገቧ ተቀመጠ።

ቁልቁለቱ አናት ላይ ቆምኩ፣ ማርሹን ወደ ከባዱ ዝቅ አደረግኩ። ሞተሩ እያጉረመረመ ይዞኝ ወረደ። አህዮች መንገዱን ሲያቋርጡ ቆሜ አሳለፍኳቸው። በጎኔ ያለፈ ብስክሌተኛ «ወይ ቀንድ አውጣ!» ብሎ ሳቀብኝ፤ ይሳቅ። ከኋላዬ የተሳቢው ሳንቃ ሲያቃስት፣ ጋሼ ዳልጮ ሲያስል፣ ሁሉም ይሰማኝ ነበር።

ሲቀላ ደርሼ ሞተሩን አጠፋሁና ዞርኩ። እትዬ ሻሺቱ ነጠላውን ገለጥ አድርጋ ልጇን አየቻት። «አልነቃችም» አለች።

ጋሼ ዳልጮ ከማኅበሩ ጽሕፈት ቤት የተዋሰውን የቀለም ስፖንጅ ከኪሱ አወጣ። እትዬ ሻሺቱ አውራ ጣቷን ነክራ ከፊርማው ሥር አጥብቃ ተጫነችው።

ለፈተና ስቀርብ ጸሐፊው ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግቶ «የአሠልጣኙ ፊርማ ይኸውና። ይህ አሻራ ደግሞ የማን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ከኋላ የተቀመጠችው ሰው ነው» አልኩት።