ያለቀስንለት ካራቲስት

በርበሬ ነጋዴ ማሽን መግዛት የለበትም። በርበሬ ቢያስነጥስህ ምክንያቱን ታውቀዋለህ፤ ማሽን ግን ሲያኮርፍ ምን እንዳስቀየምከው አይነግርህም። ይህን የተማርኩት በደርግ ጊዜ፣ የቡሬ በርበሬዬን አዲስ አበባ አራግፌ ስመለስ አንድ ቪዲዮ ማጫወቻ፣ ከሻንጣ የማይበልጥ ቴሌቪዥንና አንዲት ጉረኛ ጀነሬተር ጭኜ ፍኖተ ሰላም የገባሁ ለት ነው። ጀነሬተሯ ቤንዚን ትጠጣለች፣ ቤንዚን በወረፋ ነው። ማጫወቻው አቧራ አይወድም፣ በእኛ ከተማ ያለወረፋ የሚገኘው ደግሞ አቧራ ብቻ ነበር።

ቢሆንም ደስታዬ ለጉድ ነበር! ያመጣሁት ፊልም የቻይና ካራቴ ነው። ፈቃድ ልጠይቅ ቀበሌ ሄድኩ።

«ይዘቱ ምንድን ነው?» አለኝ ሊቀመንበሩ።

«ባለርስት የሚደበድብ ድሃ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«በምን ነው የሚደበድበው?»

«በእግሩ።»

«መሣሪያ የለውም?»

«ጫማም በቅጡ የለውም።»

«ይፈቀዳል» አለና ከፊት ያለውን ወንበር ለራሱ ያዘ።

ማታ ሰዓት እላፊ ስለነበር ያሳየሁት በቅዳሜ ገበያ፣ በጠራራ ፀሐይ ነው። የቀበሌውን አዳራሽ መስኮቶች በበርበሬ ጆንያ ሸፈንኳቸው። ሕዝቡም እያስነጠሰ አየ። ቻይንኛ የሚሰማ ሰው በጎጃም ከነበረ እኔ አልገጠመኝም፤ ግን ድሃና ባለርስት ሲጣሉ አስተርጓሚ ምን ያደርጋል? ጉንጩ ላይ ጠባሳ ያለው ካራቲስት አንዱን ሲጥል አዳራሹ «እሰይ!» ይላል፤ ሌላውን ሲጥል «ድገመው!» ይላል። መጨረሻ ላይ ከኋላው መጥተው በጎራዴ ወጉት። እናቱ ላዩ ላይ ተደፋች፣ ፊልሙም አለቀ።

ማንም ከመቀመጫው አልተነሣም። ያኔ ከማንኩሳ አካባቢ የሚመጡ አንድ ሽማግሌ ተነሡ። በየለቅሶው ሙሾ የሚያወጡ፣ አንደበታቸው የተፈራ ገበሬ ናቸው። ልጃቸው ለዘመቻ ወደ ሰሜን ከሄደ በኋላ ወሬው ጠፍቷል። መርዶ አልመጣ፣ ደብዳቤ አልመጣ፤ እንዳያለቅሱለት ሞቱን የነገራቸው የለም፣ እንዳይጠብቁት ደግሞ መኖሩን። ባለቤታቸው በር ሳይቀረቅሩ እንደሚያድሩ አገር ያውቃል። ሽማግሌው ጋቢያቸውን አደገደጉና ለካራቲስቱ እንዲህ አሉለት፦

«ፊት ለፊት ቢገጥሙህ ማን ይችልህ ነበር፣
ከኋላህ ወጉህ እንጂ ተደብቀው ከበር።
እናትህ ትጠብቅ ደጃፉን ሳትዘጋ፣
አንተ ተኝተሃል ሜዳ ላይ ያለ አልጋ።»

አዳራሹ በለቅሶ ተናወጠ። ሊቀመንበሩ ሳይቀር ዓይኑን እየጠረገ «በርበሬው ነው» አለ። በሳምንቱ ያ ሙሾ ከእኔ ጭነት ቀድሞ ቡሬ ደረሰ፤ ጠላ ቤት የገባ ሁሉ እሱን ሳይል አይወጣም ነበር።

ከዚያ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ከአዲስ አበባ ክፍል ሁለትን አመጣልኝ። ጧት በሬን ዘግቼ ብሞክረው፣ ካራቲስቱ፣ ያ በጎራዴ የተወጋው፣ ቁጭ ብሎ ሩዝ ይበላል!

በደስታ ዘለልኩ። ነጋዴ ነኝ፣ የሞተ ሸቀጥ ሲነሣ ደስ ይለኛል። ክፍል ሁለት ማለት ቅራሪ ማለት ነው፤ በዋናው ጠላ ድፍድፍ ላይ ውኃ ጨምረው ነው የሚሸጡልህ። ግን ገና ያልረካ ሰው ቅራሪም ቢሆን ይጠጣል። ዘልዬ ሳልጨርስ ሽማግሌው ትዝ አሉኝ። በእኛ አገር በቁሙ ላለ ሰው ሙሾ ማውጣት ሟርት ነው። የሳቸው ሀብት ደግሞ ያ አንደበታቸው ብቻ ነበር፤ መሳቂያ ከሆኑ ማን ለቅሶው ይጠራቸዋል?

ቅዳሜ ጋቢያቸውን አሳጥበው ከሁሉ ቀድመው መጡ። በር ላይ ጎተት አደረግኋቸው።

«አባቴ፣ ዛሬ ባይገቡስ?»

«ምነው? ደሙን ሲመልሱለት ላላይ ነው?»

«ደሙን የሚመልሰው ራሱ ነው። አልሞተም።»

«እኔ እኮ አልቅሼለታለሁ» አሉ።

«አይጨነቁ። ወንድሙ ነው፣ ለበቀል የመጣ፣ እላቸዋለሁ።»

«እንግዲህ ያንተ ሥራ ነው፤ በርበሬ ላይ ቀይ አፈር የምትቀላቅለውስ አንተ አይደለህ?» ብለው ገቡ።

ፊልሙ ሲጀምር ጮክ ብዬ «ይሄ የሟቹ ታናሽ ወንድም ነው! ደም ሊመልስ የመጣ!» አልኩ። ሕዝቡ «ጎሽ! ወንድም ማለት እንዲህ ነው!» አለ። ተሳካ ብዬ ሳልተነፍስ አንዲት ቅቤ ነጋዴ ከመሀል ተነሣች። ከመቶ ጥጃ መሀል የራሷን በጨለማ የምትለይ ሴት ናት።

«አንተ በርበሬ! ጠባሳውንም ወረሰው?»

ሁሉም አንገቱን አሰገገ። ጠባሳው እዚያው ጉንጩ ላይ ነው።

«ራሱ ነው!» «ኧረ አልሞተም!» «ሰውየው ሩዝ ይበላል፣ እኛ ተዝካሩን ስናስብ!» ሳቁ ጣሪያውን ሊያነሣው ደረሰ። ወዲያው ደግሞ ወደ ሽማግሌው ዞረ።

«አባባ፣ ሙሾዎን ይሰብስቡ እንጂ!»

«እኔ ብታመም እንዳይጠሯቸው፣ ሳልሞት ያስቀብሩኛል!»

በዚህ መሀል ያ ማሽን፣ ቀን ሲጠብቅልኝ የኖረው፣ የካሴቱን ክር በላው። የካራቲስቱ ፊት እንደ ሊጥ ተሳበ፣ አፉ ከነሩዙ ወደ ጆሮው ሄደ፣ ከዚያ ቴሌቪዥኑ በረዶ ብቻ ሆነ።

«ሟርታቸው ደረሰ! አሁን ገና ገደሉት!» አለች ቅቤ ነጋዴዋ።

እኔ ተንበርክኬ ክሩን በጣቴ አወጣለሁ፣ የማጫወቻውን አንጎል አረቄ በነከርኩት ጥጥ እጠርጋለሁ፣ የሠራውን አገር እየረገምኩ። ሽማግሌው ተነሡ። የሚወጡ መስሎኝ ነበር። አልወጡም፤ ዱላቸውን ተደግፈው ወደ ሕዝቡ ዞሩ።

«ሳቁ» አሉ። «ደግ አደረጋችሁ። የሚያስቅ ነገር ነው፤ የተለቀሰለት ሰው ተነሥቶ ሲበላ ከማየት የበለጠ ምን የሚያስቅ ነገር አለ? ግን እስቲ ልጠይቃችሁ። እዚህ ውስጥ ከሰሜን መርዶ የመጣበት ቤት የለም? ወሬ የጠፋበትስ?»

ሳቁ ተቋረጠ።

«እኔ ማንን እያሰብኩ እንዳለቀስኩ እናንተም ታውቃላችሁ። ለዚህ ለባዕድ ልጅ የሆነለት ለኛ ቢሆን፣ ዕድሜ ልኬን ሳቁብኝ። ደጃፌ መጥታችሁ ሳቁብኝ!» ካሉ በኋላ ዱላቸውን መሬቱ ላይ መቱ፦

«ውሸታም በሉኝ፣ ሙሾዬ ይፍረስ፤
ያለቀስንለት ቤቱ ይመለስ።»

«አሜን!» አለች ቅቤ ነጋዴዋ፣ መጀመሪያ እሷ። ከዚያ አዳራሹ በሞላ «አሜን! አሜን!» አለ። እኔ ሊቀመንበሩን አየሁት፤ ስለ ሰሜን እንዲህ ሲወራ ዝም ማለት ለሱ ቀላል አልነበረም። ጆንያዎቹን ቀና ብሎ አየና «ዛሬም በርበሬ ነው» አለ።

ክሩን መለስኩት፣ ቁልፉን ተጫንኩት። ምስሉ ጠፋ፣ ተንቀጠቀጠ፣ መጣ! ካራቲስቱ ሩዙን እንደያዘ ቁጭ ብሏል።

ያን ዕለት የፈነዳውን ያህል እልልታ ሠርግ ላይም አልሰማሁም። «ብላ ልጄ! ብላ!» ትላለች ቅቤ ነጋዴዋ። «አልጠገበም፣ ጨምሩለት!» ይላል ሌላው። ሰውየው አንድ ጠላት በጣለ ቁጥር ሰው ሁሉ ቆሞ ያጨበጭባል፤ ከኋላው ሲመጡበት «ዞር በል!» እያለ ይጮኻል። ሽማግሌው ከሁሉ በላይ ይጮኻሉ፣ ጋቢያቸው ወድቆ ሌላ ሰው ረግጦታል፣ እሳቸው አላዩም። ቅራሪ ብዬ የናቅሁት ክፍል ሁለት ከዋናው ጠላ በላይ አሰከረን።

ሲያልቅ ሽማግሌው በር ላይ ያዙኝ።

«ክፍል ሦስት አለው?»

«አለው ይላሉ፣ አባቴ።»

«ይሞታል?»

«ሹፌሩ እንደነገረኝ መጨረሻው ላይ መርዝ ያጠጡታል።»

«ክፍል አራትስ?»

«እሱም አለ መሰለኝ።»

ጋቢያቸውን አራግፈው ትከሻቸው ላይ ጣሉ። «እንግዲያው ሁለቱን አንድ ላይ አምጣቸው» አሉኝ። «ሞቶ እንዳያድርብን።»