መኪናዋን ከብበው የቆሙት

በደርግ ጊዜ ነቀምቴ ውስጥ አስተማሪ ሳለሁ፣ ያላየኋትን አሮጌ መኪና በፎቶግራፍ ገዛሁ። ሻጩ ደምቢ ዶሎ የሚኖር የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። ክረምት ስለነበር የመንገዱን ጭቃ ፈርቼ፣ ፎቶዋን እንዲልክልኝ ብቻ በደብዳቤ ጠየቅኩት።

ያኔ ባለመኪና ሰው ቤተሰቡን ሳያሰልፍ መኪናውን ፎቶ አያስነሳም። እሱም መጽሐፍ ቅዱሱን ደረቱ ላይ ይዞ የፊት መብራቱ ጋ ቆሟል፤ ሚስቱ ነጠላዋን ዘርግታ በሩን ተደግፋለች፤ አራት ልጆች ከእሷ ጀምሮ እስከ ኋላ ጎማ ተደርድረዋል። እኔ ሞኙ ስለ ሞተሩ እንኳ ሳልጠይቅ፣ እንዲህ ያለ ቤተሰብ አይዋሽም ብዬ ገንዘቡን ላክሁለት።

መኪናዋ በካሚዮን ተጭና መጣች። ይሄ ራሱ ሊያስጠረጥረኝ ይገባ ነበር። ፎቶውን ይዤ ዞርኳት። አባትየው የቆመበት ጋ መብራት የለም። እናትየው የተደገፈችው በር በሽቦ ታስሯል። ልጆቹ የተደረደሩበትን ሁሉ ዝገት በልቶ በስቶታል። የካሚዮኑ ሾፌር ፎቶውን ተቀብሎኝ አየና በኦሮምኛ አስተማሪ ብሎ አክብሮኝ፣ «ባርሲሳ፣ እርስዎ ያዩት እኮ ሰዎቹን ነው» አለኝ።

በዓመቱ አኖ ከተማ ያለ አንድ ነጋዴ መኪናዋን ሊገዛኝ ፈልጎ ፎቶ ላክልኝ አለ። ሚስቴንና ሁለቱን ልጆቻችንን መኪናዋ ፊት አሰለፍኩ። አልበቃንም። አማቴን ከነእህታቸው ከቢላ ከተማ አስመጣሁ።